ያላዳመጥነው ንግግር ትርጉሙ ይሰማናል? ትኩረትንና ቋንቋን በአንጎል ውስጥ ስለመለካት

ጥያቄ፦ «የሥነ ልሳን የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቤት ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ከሰው ጋር ስናወራ ሬዲዮው ምን እንዳለ አናውቅም፤ ስማችን ወይም የሰፈራችን ስም ሲጠራ ግን ጆሯችን ይቆማል። ታዲያ አንጎላችን ልብ ያላልነውን ንግግር ከነትርጉሙ ይረዳዋል ማለት ነው? ይህንን በአማርኛ ማጥናት ብፈልግ በኢኢጂ ይሻላል፣ በኤፍኤምአርአይ ወይስ በሌላ መሣሪያ? ለሙከራው የሚሆኑኝን ዓረፍተ ነገሮችስ ከእንግሊዝኛ ጥናቶች ብተረጉም ይበቃል?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሦስት ነገሮችን በአንድነት የያዘ ነው፤ ስለ መሣሪያው የጠየቁትን አስቀድሜ ብመልስ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀላሉ። ትኩረትን የሚለካ መሣሪያ የለም። ኢኢጂ የሚለካው የነርቭ ሴሎች በኅብረት ሲሠሩ በራስ ቆዳ ላይ የሚታየውን እጅግ ጥቃቅን የቮልቴጅ ልዩነት ነው፤ ኤፍኤምአርአይ የሚለካው በአንጎል ውስጥ የደሙ ኦክስጅን ከቦታ ቦታ የሚያሳየውን ለውጥ ነው፤ የዓይን እንቅስቃሴ መከታተያም የሚመዘግበው ዓይን የት ላይ ምን ያህል ጊዜ እንዳረፈ ነው። ከእነዚህ መካከል «ትኩረት» የሚል ምልክት የሚያወጣ አንድም የለም። ትኩረት የሚታወቀው በማነጻጸር ነው፤ ይኸውም አንድ ዓይነት ድምፅ፣ በአንድ ጆሮ፣ በአንድ የድምፅ መጠን ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ ተሳታፊው በአንደኛው ጊዜ እንዲያዳምጠው፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ እንዲተወው ይነገረዋል። ድምፁ ሳይለወጥ የአንጎሉ ምላሽ ከተለወጠ፣ ልዩነቱን ሊያመጣ የሚችለው የተሰጠው መመሪያ ብቻ ነው። ይህ ማነጻጸሪያ በሌለበት ጥናት ውስጥ ምንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢገባ የሚወጣው የሚያምር ሥዕል እንጂ መልስ አይደለም።

የዚህ አሠራር መነሻ አንጎልን ከቶ ያልነካ ሙከራ ነው። ኮሊን ቼሪ በ1953 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለተሳታፊዎቹ በጆሮ ማዳመጫ ሁለት የተለያዩ ንግግሮችን በአንድ ጊዜ አሰማቸው፤ አንዱ በቀኝ ጆሮ፣ ሌላው በግራ ጆሮ ይገባል። ሥራቸው በአንደኛው ጆሮ የሚሰሙትን ቃል በቃል፣ እግር በእግር እየተከተሉ ጮክ ብለው መድገም ነበር። ይህን ለአንድ ደቂቃ ያህል የሞከረ ሰው ሥራው ምን ያህል አእምሮን እንደሚውጥ ያውቀዋል፤ እየደገሙ ሳለ ስለ ሌላ ነገር ማሰብ ቀርቶ የገዛ ድምፅን መቆጣጠርም ያዳግታል። ቼሪ በኋላ ስለተተወው ጆሮ ሲጠይቃቸው፣ የሰው ንግግር እንደነበረ፣ ተናጋሪው ከወንድ ወደ ሴት እንደተለወጠ፣ በመካከሉ ፉጨት የመሰለ ድምፅ እንደገባ ነገሩት። ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ መዞሩን ግን ልብ አላሉም ነበር። ኔቪል ሞሬይ በ1959 ነገሩን ወደፊት ገፋው፤ በተተወው ጆሮ ጥቂት ቃላትን 35 ጊዜ እየደጋገመ ቢያሰማም ተሳታፊዎቹ ቃላቱን በኋላ ሊለዩአቸው አልቻሉም። የራሳቸውን ስም ሲያስገባበት ግን ሲሶ ያህሉ ሰሙት።

ያነሱት የሬዲዮ ምሳሌ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ሲሶ የሚለውን ቁጥር እንዳያልፉት። ስማቸው ተጠርቶ ያልሰሙት ይበልጣሉ። ከዚህም በላይ ኮንዌይ፣ ካዋንና በንቲንግ በ2001 ተሳታፊዎችን በሥራ ማኅደረ ትውስታ (ማለትም መረጃን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ የመጠቀም) አቅማቸው ለይተው ሲያዩ፣ ዝቅተኛ አቅም ካላቸው 65 በመቶ፣ ከፍተኛ አቅም ካላቸው ግን 20 በመቶ ብቻ ስማቸውን ሰምተዋል። የተተወው ጆሮ ሁልጊዜ ትርጉም የሚረዳ ቢሆን ኖሮ የተሳታፊው አቅም ይህን ያህል ለውጥ ባላመጣ ነበር። ይልቁንም የሚታየው፣ ትኩረቱን አጥብቆ መያዝ የሚከብደው ሰው ጆሮው ሳያውቀው ወደ ሌላኛው ወገን ሾልኮ እንደሚሄድ፣ ስሙ በዚያች ቅጽበት ከተጠራም እንደሚሰማ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ያልተዳመጠው ንግግር ትኩረት የሚዘረጋውን ማጣሪያ አልፎ መግባቱ ነው፤ ሁለተኛው ትኩረቱ ራሱ አምልጦ ወደዚያ መሄዱ ነው። ላክተር፣ ፎርስተርና ረትረፍ በ2004 የቀደሙትን ሙከራዎች መልሰው ሲመረምሩ ያቀረቡት ክርክር፣ «ገባ» የተባለው አብዛኛው ማስረጃ በ«አመለጠ» ሊብራራ የሚችል ነው የሚል ነበር። እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ።

በኋላ ጠይቆ መልስ መቀበል ሌላም ድክመት አለው። ተሳታፊው «አልሰማሁም» ሲል በእርግጥ አልሰማም ወይስ ሰምቶ ወዲያው ረሳ? ጥያቄው የሚቀርበው ቃሉ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ የምንለካው መስማትን ሳይሆን ማስታወስን ነው። ኢኢጂ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃሉ በሚሰማበት ቅጽበት፣ ተሳታፊውን ምንም ሳንጠይቀው፣ አንጎሉ ያደረገውን በሚሊሰከንድ ያሳየናል።

ስቲቨን ሂልያርድና ባልደረቦቹ በ1973 ያደረጉት ሙከራ እስካሁን ለተማሪዎቼ በምሳሌነት የማቀርበው ነው። በሁለቱም ጆሮ አጫጭር ድምፆች በፍጥነት ይመጣሉ፤ ተሳታፊው በአንደኛው ጆሮ ከሚመጡት መካከል ቀጠን ያሉትን ይለያል፤ በሚቀጥለው ዙር ጆሮ ይቀይራል። ኤን-1 የሚባለው፣ ድምፁ ከተሰማ ከ80 እስከ 110 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚታየው ሞገድ፣ ያው ድምፅ ሲደመጥ ጎልቶ፣ ሲተው አንሶ ተገኘ። ድምፁ አንድ ነው፤ ጆሮውም አንድ ነው። ሙከራውን ጠንካራ ያደረገው ፍጥነቱ ጭምር ነው፤ ድምፆቹ ተከታትለው ስለሚመጡና በየትኛው ጆሮ እንደሚመጡ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ተሳታፊው ተዘጋጅቶ ወይም ነቅቶ ጠበቀ ብሎ ልዩነቱን ማስተባበል አይቻልም። ትኩረት የሚሠራው እንግዲህ ከድምፁ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ስለ ትርጉም ግን ኤን-1 ምንም አይነግረንም። ለዚያ የሚያገለግለው በማርታ ኩታስና በሂልያርድ በ1980 የተገኘው ኤን-400 ነው። ዓረፍተ ነገሩ በስክሪን ላይ ቃል በቃል ይቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል ከሐሳቡ ጋር የማይሄድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ትኩስ ዳቦው ላይ ካልሲ ቀባበት ዓይነት ሲሆን፣ ቃሉ ከታየ ከ400 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ወደ አሉታዊ የሚያዘነብል ሞገድ በራስ ቅል መካከለኛና ኋለኛ ክፍል ላይ ይታያል። ይህ የድንጋጤ ሞገድ እንዳይመስልዎ፤ እነዚሁ ተመራማሪዎች ተስማሚውን ቃል በትልልቅ ፊደል ጽፈው ሲያሳዩ የታየው አዎንታዊ ሞገድ እንጂ ኤን-400 አልነበረም። ሞገዱ የሚከተለው የትርጉምን አለመጠበቅ ነው፤ ተስማሚ የሆነ ቃል ሳይቀር ብዙም ካልተጠበቀ መጠነኛ ኤን-400 ያስነሣል።

የሁለት ጆሮውን ሙከራና ኤን-400ን ሲያጋጥሙ የእርስዎ ጥያቄ ቀጥተኛ መፈተኛ ያገኛል። ቤንቲን፣ ኩታስና ሂልያርድ በ1995 በሁለቱ ጆሮዎች የተለያዩ ቃላትን አሰምተው በትርጉም የሚዛመዱና የማይዛመዱ ቃላትን አነጻጸሩ፤ የኤን-400 ልዩነት የታየው በሚደመጠው ጆሮ ብቻ ነበር። ይህ ከሆነ ነገሩ አለቀ ሊሉ ይችላሉ፤ አላለቀም። ላክ፣ ቮግልና ሻፒሮ በ1996 ሌላ መንገድ ተጠቀሙ። በስክሪን ላይ ምልክቶች እጅግ በፍጥነት ሲፈራረቁ ሁለት ነገሮችን እንዲለይ የተጠየቀ ሰው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በኋላ ከ200 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ከመጣ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀረበውን ቃል ተሳታፊዎቹ መናገር ሲያቅታቸው እንኳን ኤን-400 ግን እንዳለ ነበር። አንጎል ቃሉን አንብቦታል፤ ባለቤቱ ግን አያውቅም።

ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ የሚመስሉት ትኩረትን አንድ በር አድርገን ስናስበው ነው። ጆሮን ለይቶ መተው ድምፁን ገና ሲገባ ያዳክመዋል፤ ቃሉ እስከ ትርጉም የሚያደርሰው ጉልበት አይኖረውም። በፈጣኑ የስክሪን ሙከራ ግን ተሳታፊው ዓይኑንም ትኩረቱንም ከቦታው አላነሣም፤ የተጨናነቀው የታየውን ይዞ ለማቆየትና ለመናገር የሚያስፈልገው የኋለኛው ደረጃ ነው። ስለዚህ የጥናት ሐሳብዎን ሲጽፉ «ትኩረት በቋንቋ ሂደት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብለው በደፈናው አይተዉት፤ የትኛውን ዓይነት መከልከል፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሚፈትኑ ይግለጹ።

ስለ ኤፍኤምአርአይ ብዙ አልልም። በሰው ላይ ከ1992 ወዲህ ሥራ ላይ የዋለና የት እንደሆነ ለሚለው ጥያቄ ከፍ ያለ ጥቅም ያለው መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የደሙ ለውጥ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ነርቮቹ ከሠሩ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይጨርሳል። መሣሪያው ራሱም ሲሠራ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ የማዳመጥ ሙከራ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ችግር አይደለም። የነርቭ ሴሎች ሲሠሩ የሚፈጥሩትን መግነጢሳዊ ምልክት የሚለካው ኤምኢጂ የኢኢጂን ፍጥነት ከተሻለ የቦታ መለየት ጋር ያጣመረ ቢሆንም፣ ከውጭ መግነጢሳዊ ኃይል የተከለለ ልዩ ክፍል ስለሚጠይቅ ለማስተርስ ጥናት የሚታሰብ አይደለም።

ይልቅ ሊያውቁት የሚገባው በቅርብ ዓመታት ነጠላ ቃልን ትቶ ወደ ወጥ ንግግር የተሻገረው አሠራር ነው። ሜስጋራኒና ቻንግ በ2012 የሚጥል በሽታ ላለባቸውና ለቀዶ ሕክምና ሲባል ኤሌክትሮድ በአንጎላቸው ላይ ለተቀመጠላቸው ሕሙማን የሁለት ሰዎችን ንግግር ቀላቅለው አሰሙ። ከመስሚያው የአንጎል ክፍል በተገኘው ምልክት ድምፁን መልሰው ሲሠሩት፣ የወጣው የተቀላቀለው ንግግር ሳይሆን ተሳታፊው ያዳምጠው የነበረውን ሰው ብቻ የሚመስል ነበር። በዚያው ዓመት ዲንግና ሳይመን በኤምኢጂ፣ በ2015 ደግሞ ኦሳሊቫንና ባልደረቦቹ በኢኢጂ፣ አንጎል የንግግርን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ እየተከተለ እንደሚሄድና የሚከተለውም በዋነኛነት የሚደመጠውን ተናጋሪ እንደሆነ አሳዩ። ከዚያም ብሮደሪክና ባልደረቦቹ በ2018 በተረት ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ከቀደሙት ቃላት በትርጉም ምን ያህል እንደሚርቅ በኮምፒውተር አስልተው ከኢኢጂው ጋር አገናኙት፤ ኤን-400ን የሚመስል ምላሽ ለሚደመጠው ተረት ታየ፣ ለተተወው ግን አልታየም። የመጀመሪያ ጥያቄዎ መልስም በዚህ ይገኛል፦ ያላዳመጥነውን ንግግር ድምፁን አንጎላችን ይቀበለዋል፣ ደካማ አድርጎም ቢሆን ይከተለዋል፤ ትርጉሙን ግን ትኩረታችን አምልጦ ካልሄደ በስተቀር በአብዛኛው አይደርስበትም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሮቹ ልምጣ፤ ጥናትዎ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። መተርጎም አይበቃም። ከታወቁት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ቡናን ከማይሆን ነገር ጋር የሚያጣምር አለ። አንድ ተማሪ ይህንን ወደ አማርኛ ሲመልስ «ቡናውን በጨው ጠጣ» የሚል «የተበላሸ» ዓረፍተ ነገር ይዞልኝ መጣ። ከተሳታፊዎቹ መካከል የገጠር ልጅ የሆነ ሰው ሲቀመጥ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ምኑም አልተበላሸ፤ ቡና በጨው እናቱ ቤት የጠጣው ነው። ኤን-400 የሚለካው መዝገበ ቃላትን ሳይሆን አድማጩ ከኑሮው የሚጠብቀውን በመሆኑ፣ የአዲስ አበባና የገጠር ተሳታፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የተለያየ ሞገድ ሊሰጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው ሙከራ ውስጥ ለማይገቡ ለ30 ያህል ሰዎች የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ብቻ ሰጥተው ባዶውን እንዲሞሉ ያድርጉ፤ ስንቶቹ ያንኑ ቃል እንደጻፉ ሲቆጥሩ የመጠበቁን መጠን በቁጥር ያገኙታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የግሡ ቦታ ነው። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ «እናቴ እንጀራውን ጋገረች» የሚለውን «እናቴ እንጀራውን አነበበች» ብለው ቢያበላሹት ስሕተቱ የሚወድቀው በዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ላይ ነው። አንባቢም ሆነ አድማጭ እዚያ ሲደርስ የሰማውን ሁሉ ሰብስቦ ያጠቃልላል፤ ያ ሥራ የራሱ ሞገድ ስላለው ከሚፈልጉት ጋር ይደባለቃል። መውጫው ግሡን ወደ መሐል ማምጣት ነው፦ «እናቴ እንጀራውን የጋገረችበት ምጣድ ተሰበረ» እና «እናቴ እንጀራውን ያነበበችበት ምጣድ ተሰበረ»። ግሥ ሲመርጡም «ጋገረች»ን በ«ዘፈነች» አይተኩ፤ «እንጀራውን ዘፈነች» ትርጉሙ ብቻ ሳይሆን ግሡ ከተሳቢው ጋር ያለው ስምምነትም ይናጋልና፣ ኤን-400 ይሁን ዘግይቶ በ600 ሚሊሰከንድ አካባቢ የሚመጣው የሰዋስው ሞገድ ይሁን መለየት ያስቸግርዎታል። «አነበበ» ተሳቢ የሚወስድ ግሥ ስለሆነ የሚፈርሰው ትርጉሙ ብቻ ነው።

ንግግር የሚያሰሙ ከሆነ ደግሞ የአማርኛ ቃል ማንነቱ የሚለየው መቼ ነው የሚለውን ያስቡበት። «ጋገረች» ውስጥ ሥሩ ከመጀመሪያው ድምፅ ይጀምራል፤ «ስለማይጋግሩ» ውስጥ ግን አድማጩ «ስለማይ» እስኪያልቅ ድረስ የትኛው ግሥ እንደሚመጣ አያውቅም። ሰዓትዎን ከቃሉ መጀመሪያ ከቆጠሩ በሁለተኛው ኤን-400 የዘገየ ይመስልዎታል፤ የዘገየው ግን አንጎሉ ሳይሆን ቃሉ ነው። ወይ ቅድመ ቅጥያቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ቃላትን ብቻ ያነጻጽሩ፣ ወይ ሰዓቱን ሥሩ ከሚጀምርበት ድምፅ ይቁጠሩ።

መጥበቅና መላላትም አለ። ፊደላችን ይህንን ስለማይጽፍ «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ መዋኘት፣ ጠብቆ ደግሞ መሠረታዊ ማለት ነው፤ «ገና»ም ላልቶ «ገና አልመጣም» ስንል ያለው ነው፣ ጠብቆ የልደት በዓል ነው። በንባብ ሙከራ እንዲህ ያሉ ቃላት መንታ ትርጉም ያስከትላሉና ያስወግዷቸው። በማዳመጥ ሙከራ ግን ሀብት ናቸው። ሪስቶ ናታነንና ባልደረቦቹ በ1978 የገለጹት አንድ ሞገድ አለ፤ አንድ ድምፅ ሲደጋገም ቆይቶ ለየት ያለ ሲገባበት፣ ተሳታፊው ባያዳምጥም ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ይነሣል። ተሳታፊው ድምፅ የሌለው ፊልም እያየ፣ ላልቶ የተነገረ «ገና» እየተደጋገመ፣ አልፎ አልፎ የጠበቀው ቢገባበት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ተገልብጦ ቢቀርብ፣ መጥበቅ ያለ ትኩረት እንደሚለይ መፈተን ይቻላል። ለአማርኛ የተፈጠረ ያህል የሚስማማ ሙከራ ነው፤ ርዕስዎን ለማጥበብ ከፈለጉ እኔ ይህን እመርጥ ነበር።

ስለ ኢኢጂው አሠራር ጥቂት ልጨምር። ሞገዱ በነጠላ ሙከራ ላይ አይታይም፤ የኤን-400 ልዩነት ጥቂት ማይክሮቮልት ሲሆን፣ አንድ የዓይን ጥቅሻ ከ100 ማይክሮቮልት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ምላሾች ተደምረው አማካይ ይወሰዳል፤ ጫጫታው የሚቀንሰው በሙከራዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ 36 ዓረፍተ ነገር ጫጫታውን ወደ አንድ ስድስተኛ ያወርደዋል፣ ወደ አንድ አሥራ ሁለተኛ ለማውረድ ግን 144 ያስፈልጋል። በየዓይነቱ ከ30 እስከ 40 ማዘጋጀት የተለመደው ለዚህ ነው። በሕክምና ተቋማት ያለው ኢኢጂ ለዚህ ሥራ ይሆን እንደሆነ ሲጠይቁ የኤሌክትሮዱን ብዛት ሳይሆን ከኮምፒውተርዎ የሰዓት ምልክት የሚቀበል መግቢያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ቃሉ መቼ እንደተሰማ ያልተመዘገበበት ኢኢጂ ለእርስዎ ወረቀት ነው።

በዚህ እኔ ራሴ ተቀጥቻለሁ። ተማሪ ሳለሁ በሠራሁት የመጀመሪያ ልምምድ ኤን-1 በ100 ሚሊሰከንድ ገደማ መታየት ሲገባው ከ250 በኋላ፣ ያውም ተድበስብሶ ታየ። ለሁለት ቀን ያህል አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ችግሩ የገመድ አልባው ጆሮ ማዳመጫ ሆኖ ተገኘ፤ ኮምፒውተሩ «አሁን ድምፅ ሰጠሁ» ብሎ ምልክት ሲያኖር ድምፁ ገና ጆሮ አልደረሰም፤ መዘግየቱም ከድምፅ ድምፅ ይለያያል። ከዚያ ወዲህ ባለ ገመድ ማዳመጫ እጠቀማለሁ፤ ድምፁንም ለሁለት ከፍዬ አንዱን ወደ ጆሮ፣ ሌላውን ወደ ኢኢጂው ትርፍ ቻናል አስገባለሁ፣ መዘግየቱም ካለ እዚያው መዝገቡ ላይ ይታያል።

የፀጉር ነገር በውጭ መማሪያዎች ብዙም አይነሣም። ኤሌክትሮዱ ቆዳውን በጄል አማካይነት መንካት አለበት፤ ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ፀጉር ኤሌክትሮዱን ከቆዳው ያርቀዋል፣ ቅቤ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ጄሉ አይይዝም። ተሳታፊዋን ከሁለት ቀን በፊት ደውሎ ፀጉሯን ታጥባ፣ ቅቤና ቅባት ሳትጨምር እንድትመጣ መንገር ያስፈልጋል። ሹሩባ ከተሠራች መከልከል የለባትም፤ የሹሩባው መስመር ኤሌክትሮዶቹ በሚያርፉበት ቦታ እንዲያልፍ ሆኖ ከተሠራ በመስመሮቹ መካከል ያለው ቆዳ ክፍት ስለሚሆን እንዲያውም ይመቻል። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዚሁ ሐሳብ በሹሩባ መካከል የሚያዝ ኤሌክትሮድ ሠርተዋል። በፀጉር ምክንያት ሴቶችን ከጥናት ያስቀረ ሰው ውጤቱ ስለማን እንደሆነ መናገር ይቸግረዋል።

ኢኢጂ ባያገኙስ? ላፕቶፕ፣ ባለ ገመድ ጆሮ ማዳመጫና ማይክሮፎን ይዘው የሚሠሩት ሙከራ አለ። ሉዊስ በ1970 እንዳሳየው፣ ተሳታፊው በአንድ ጆሮ የሚሰማውን እየደገመ ሳለ በተተወው ጆሮ የተመሳሳይ ትርጉም ቃል በዚያው ቅጽበት ከመጣ፣ መድገሙ በጥቂቱ ይዘገያል። ሲደግም ድምፁን ቀድተው፣ ቃሉ ከቀረበበት እስከ ተደገመበት ያለውን ጊዜ በነጻ በሚገኘው ፕራት በሚባለው ሶፍትዌር መለካት ይችላሉ። በቀኝ የሚሰሙት ዝርዝሮች ለግማሾቹ ተሳታፊዎች በግራ ይሁኑ፤ የወንዱና የሴቷ ድምፅም እንዲሁ ይቀያየር፤ አለዚያ የጆሮውን ወይም የድምፁን ልዩነት የትኩረት ልዩነት ነው ብለው ይጽፋሉ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ያቅዱበት። ትሪስማን፣ ስኳየርና ግሪን በ1974 ይህንኑ ሙከራ ሲደግሙ መዘግየቱን ያገኙት ተመሳሳዩ ቃል በዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ሲሆን ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሆን ጠፋ። ተሳታፊው ዝርዝሩ ሲጀመር ትኩረቱ ገና በአንዱ ጆሮ አልረጋም፤ ሲረጋ ግን ሌላው ጆሮ ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ ቃል በዝርዝሩ ስንተኛ ቦታ ላይ እንደመጣ ይመዝግቡ፤ ጥንዶቹንም ሦስተኛና ሰባተኛ ቦታ ላይ በእኩል ቁጥር ይደልድሏቸው። መዘግየቱ በሁለቱም ቦታ እኩል ከመጣልዎ ትርጉሙ ማጣሪያውን አልፏል ለማለት በቂ መነሻ ይኖርዎታል፤ በሦስተኛው ብቻ ከመጣ ደግሞ ያገኙት ያመለጠ ትኩረትን ነው፣ እሱም ራሱን የቻለ ውጤት ስለሆነ እንደዚያው አድርገው ይጻፉት።